አንድ ማሽን ላይ ብዙ ድረ ገጽ፦ ለየብቻ ማጠር ወይስ ቨርቹዋል ማሽን?

ባሕር ዳር ውስጥ ድረ ገጽ ሠርተው የሚያስተዳድሩ ትንንሽ ቢሮዎች ደንበኞቻቸው ይመሳሰላሉ። ሐይቁ ዳር ያለ ሆቴል፣ ወደ ዘጌና ወደ ደሴቶቹ የሚያመላልስ የጀልባ አስጎብኚ፣ የዘጌን ቡና ቆልቶ የሚሸጥ ነጋዴ፣ የተማሪ ውጤት የሚለቅ ትምህርት ቤት፣ ሌላም ሁለት ሦስት። ሁሉም አንድ ሰርቨር ላይ ይቀመጣሉ። ሰርቨሩ 4 ኮር ፕሮሰሰር፣ 8 ጊጋባይት ሜሞሪና 250 ጊጋባይት ኤስኤስዲ ያለው አንድ ማሽን ነው እንበል። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ለእንዲህ ዓይነት ማሽን የታሰበ ነው፤ ሲስተሙም ኡቡንቱ ሰርቨር የሚባለው ሊነክስ ነው። የትእዛዝና የቅንብር ስሞችን እንደሚጠሩት በእኛ ፊደል ጽፈናቸዋል፤ ተርሚናል ላይ ግን በላቲን ፊደል ነው የሚገቡት።

ችግሩ የሚጀምረው ሁሉም ሳይት በአንድ የሊነክስ ተጠቃሚ ስም ሲሠራ ነው። ኢንጂንኤክስን (ገጹን ለጎብኚ የሚያደርሰውን የዌብ ሰርቨር) እና ፒኤችፒን (የሳይቱን ኮድ የሚያስኬደውን) እንደመጡ ከጫናችሁ ሁለቱም የሚሠሩት ሦስት ደብልዩ ሰረዝ ዳታ በሚባለው የዌብ ተጠቃሚ ስም ነው። የሆቴሉ ዎርድፕሬስ ላይ ለዓመታት ያልታደሰ የፎቶ ጋለሪ ፕለጊን ካለና አንድ ሰው በዚያ በኩል አንዲት የፒኤችፒ ፋይል ካስገባ፣ ያቺ ፋይል የትምህርት ቤቱን የኮንፊግ ፋይል ከፍታ የዳታቤዙን የይለፍ ቃል ታነባለች። የሁለቱም ባለቤት አንድ ስለሆነ የሚከለክላት የለም። የሆቴሉ ሳይት ሲሰበር የተማሪዎቹም ውጤት አብሮ ተሰበረ ማለት ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ቶሎ የሚያስበው ለእያንዳንዱ ሳይት አንድ ቨርቹዋል ማሽን (በማሽኑ ውስጥ የራሱን ሲስተም ይዞ የሚሠራ የሶፍትዌር ማሽን) መስጠትን ነው። ሐሳቡ ስሕተት የለበትም፤ 8 ጊጋባይት ላይ ግን ውድ ነው፣ አብዛኛውን ጊዜም አያስፈልግም። ሊነክስ ራሱ የያዛቸው አጥሮች በሥርዓት ከተሠሩ ለአብዛኞቹ ሳይቶች ይበቃሉ። ቨርቹዋል ማሽኑን የግድ ለሚፈልገው አንድ ወይም ሁለት ሥራ አስቀምጡት።

ምን እንደምትፈሩ ቀድማችሁ ለዩ

ሳይቶችን ለመለያየት የሚያበቁ ሦስት ምክንያቶች አሉ፤ መድኃኒታቸው ግን የተለያየ ነው። አንደኛው ንባብ ነው፦ አንዱ የሌላውን ፋይልና ዳታቤዝ እንዳያይ። ይህ በተጠቃሚ ስም፣ በፋይል ፈቃድና በዳታቤዝ መብት ይዘጋል። ሁለተኛው ሀብት መጨረስ ነው፦ የትምህርት ቤቱ ውጤት በወጣ ቀን ወላጅ ሁሉ በአንድ ሰዓት ሲገባ የሆቴሉ ሳይት አብሮ እንዳይወድቅ። ይህ በሲግሩፕ (ሊነክስ ለፕሮሰሶች ቡድን ሜሞሪና ሲፒዩ በሚመጥንበት ዘዴ) ገደብ ይዘጋል። ሦስተኛው የስሪት ግጭት ነው፤ አንዱ ሳይት አሮጌ ፒኤችፒ ይፈልጋል፣ ሌላው አዲስ። ለዚህ ኮንቴይነር (ፕሮግራሙን ከሚፈልገው ስሪት ጋር ለብቻው የሚይዝ ጥቅል) ይበቃል።

ቨርቹዋል ማሽን ሦስቱንም ይዘጋል፤ አራተኛም ይጨምራል፦ የራሱ ከርነል (የሲስተሙ እምብርት) አለው። ጥያቄው ያ አራተኛው ለየትኛው ሳይት ዋጋ አለው የሚለው ነው።

የሜሞሪው ሒሳብ

ቨርቹዋል ማሽን ውስጥ ያለ ኡቡንቱ ሰርቨር ምንም ሳይሠራ ከ200 እስከ 300 ሜጋባይት ገደማ ይይዛል፦ የራሱ ከርነል፣ የራሱ ሲስተምዲ (አገልግሎቶችን የሚያስነሣው)፣ የራሱ ሎግ ሰብሳቢ፣ የራሱ ኤስኤስኤች። በላዩ የራሱ ማሪያዲቢ (የዳታቤዝ ሰርቨር) ይመጣል፤ ካልተነካ የባፈር ፑሉ (ዳታውን ሜሞሪ ላይ የሚይዝበት ቦታ) መጠን ብቻ 128 ሜጋባይት ነው። ዎርድፕሬስ የሚያስተናግድ አንድ የፒኤችፒ ፕሮሰስ እንደ ፕለጊኑ ብዛት ከ40 እስከ 80 ሜጋባይት ይፈልጋል፤ አራት አምስቱ በአንዴ ሲነሡ አስቡት። ስለዚህ ለአንዱ ከ1 ጊጋባይት በታች መስጠት ማነቅ ነው። ለስድስት ሳይት ስድስት ጊጋባይት ወጣ፤ ለአስተናጋጁ (ቨርቹዋል ማሽኖቹን ለሚያስኬደው) ማሽን 1 ጊጋባይት ተትቶ የሚተርፈው 1 ብቻ ነው።

ከዚህ የሚብሰው የተሰጠው ሜሞሪ ተከፋፍሎ የተቆለፈ መሆኑ ነው። ሆቴሉ ውስጥ ሥራ ፈትቶ የተቀመጠ 500 ሜጋባይት በውጤት ቀን ትምህርት ቤቱን አይረዳውም። በአጥር አሠራር ግን አንድ ማሪያዲቢ 1 ጊጋባይት ባፈር ፑል ተሰጥቶት ስድስቱንም ያገለግላል፤ የፒኤችፒ ፕሮሰሶቹም ጎብኚ ሲመጣ ተነሥተው ሲሄድ ይጠፋሉ። የቀረውን ሜሞሪ ከርነሉ ለፋይል ካሽ ያውለዋል፣ ሳይቶቹም ይፈጥናሉ።

ዲስኩና ኢንተርኔቱም ሒሳብ ውስጥ ይግቡ። እያንዳንዱ ቨርቹዋል ማሽን ለሲስተሙና ለአፕዴቱ ብቻ ቢያንስ ከ8 እስከ 10 ጊጋባይት ዲስክ ይፈልጋል። አፕዴቱም ስድስት ጊዜ ይወርዳል። ቨርቹዋል ማሽን ከበዛባችሁ አስተናጋጁ ላይ አፕት-ካቸር የሚባለውን ፕሮግራም ጫኑ፤ አንዴ የወረደውን ፓኬጅ ለሌሎቹ ከራሱ ያድላል።

አጥሩን መሥራት፦ ተጠቃሚና ፋይል

ለእያንዳንዱ ሳይት የራሱን የሊነክስ ተጠቃሚ ፍጠሩ፦ ሆቴል፣ ጀልባ፣ ቡና፣ ትምህርት እያላችሁ። ማንም በስማቸው እንዳይገባ ሼላቸው ኖሎጊን ይሁን። ኤስአርቪ በሚባለው ፎልደር ሥር እያንዳንዱ የራሱ ፎልደር ይኑረው፤ ባለቤቱም ግሩፑም ራሱ ይሁን። ፎልደሮቹን 750፣ ፋይሎቹን 640 አድርጉ (ባለቤቱ ይጽፋል፣ ግሩፑ ያነባል፣ ሌላ ሰው አያይም)። የዳታቤዝ የይለፍ ቃል ያለበት የኮንፊግ ፋይል ግን 600 (ለባለቤቱ ብቻ) ይሁን፤ ኢንጂንኤክስ እንኳ ሊያነበው ምክንያት የለውም።

ቀጥሎ የዌብ ተጠቃሚውን በየሳይቱ ግሩፕ አስገቡት። ኢንጂንኤክስ ምስሉንና ሲኤስኤሱን የሚያነበው በዚህ መብት ነው። አደገኛው ቦታም እዚሁ ነው፦ የዌብ ተጠቃሚው አሁን የሁሉም ግሩፕ አባል ስለሆነ፣ በእሱ ስም የሚሠራ አንድም ፒኤችፒ ከቀረ አጥሩ በሙሉ ከንቱ ነው። ኡቡንቱ ላይ ፒኤችፒ-ኤፍፒኤም (ፒኤችፒን የሚያስኬደው አገልግሎት) ሲጫን አብሮ የሚመጣው ፑል (የፒኤችፒ ፕሮሰሶች ቡድን) ደግሞ በትክክል እንዲህ ነው የሚሠራው። ቀጥሎ የምንሠራው የየሳይቱ አገልግሎት ተነሥቶ ከተረጋገጠ በኋላ ነባሪውን አገልግሎት አቁሙትና ማስክ አድርጉት፤ ዲሴብል ብቻ ካላችሁት አንድ ቀን ማንም ሊያስነሣው ይችላል።

ፑል ብቻውን ለምን አይበቃም

ብዙ መመሪያ ለየሳይቱ አንድ የኤፍፒኤም ፑል ፍጠሩ ብሎ ያበቃል። ከምንም ይሻላል፤ ነገር ግን በአንድ ማስተር ፕሮሰስ ሥር ያሉ ፑሎች ሁለት ነገር ይጋራሉ። የመጀመሪያው ኦፕካሽ ነው፦ ተተርጉሞ የተዘጋጀው የሁሉም ሳይት ኮድ አንድ የጋራ ሜሞሪ ውስጥ ይቀመጣል። ሁለተኛው ሲግሩፑ ነው፦ ሲስተምዲ የሚያየው አንድ አገልግሎት ስለሆነ የሜሞሪ ገደብ ብታስቀምጡ የሚያርፈው በሁሉም ላይ በጋራ ነው። ውጤት በወጣ ቀን የትምህርት ቤቱ ፕሮሰሶች ገደቡን ሲሞሉት የሚገደለው የሆቴሉ ፕሮሰስ ሊሆን ይችላል።

ስለዚህ ለእያንዳንዱ ሳይት የራሱን የኤፍፒኤም ማስተር አስነሡ። ለዚህ ስድስት ፋይል መጻፍ አያስፈልግም፤ በስሙ መጨረሻ @ ያለችበት አንድ የሲስተምዲ አብነት ይበቃል። ከ@ ቀጥሎ የሳይቱን ስም ስትሰጡት አብነቱ ያንን ስም በየቦታው ይተካል። በውስጡ የሚገባው የሚከተለው ነው።

ዩዘር የሚለው መስመር የሳይቱ ተጠቃሚ ይሁን። ማስተሩ ራሱ ከመነሻው በሩት (ሁሉን በሚችለው የሲስተሙ አስተዳዳሪ ስም) ስለማይነሣ ሩት የሚባል ነገር በዚያ አገልግሎት ውስጥ የለም። ራንታይም-ዳይሬክተሪ የሚለውን በሳይቱ ስም ሙሉት፤ ሞዱን 0750 አድርጉት። ሶኬቱ (ኢንጂንኤክስና ፒኤችፒ የሚነጋገሩበት ፋይል) እዚያ ይፈጠራል፣ ባለቤቱም ሳይቱ ነው፤ የዌብ ተጠቃሚው የግሩፑ አባል ስለሆነ ሶኬቱን 0660 አድርጋችሁ ያለ ሌላ ጣጣ ይገናኛሉ። ማስተሩ ሩት ስላልሆነ ፑል ፋይሉ ውስጥ የሶኬቱን ባለቤት ወደ ዌብ ተጠቃሚው ለመለወጥ አትሞክሩ፤ መብት የለውም።

ሜሞሪ-ሃይ 500 ሜጋባይት፣ ሜሞሪ-ማክስ 600 ሜጋባይት ይሁኑ። መጀመሪያው ሲታለፍ ከርነሉ አገልግሎቱን ያዘገየዋል፤ ሁለተኛው ሲሞላና የሚለቀቅ ሜሞሪ ሲጠፋ እዚያው ሳይት ውስጥ ያለ ፕሮሰስ ይገደላል፣ ጎረቤት አይነካም። ሜሞሪ-ስዋፕ-ማክስን 100 ሜጋባይት አድርጉ፤ ያለበለዚያ ገደቡ ላይ የደረሰው ሳይት ስዋፑን (ሜሞሪ ሲሞላ የሚያዘውን የዲስክ ቦታ) በሙሉ ይዞ ዲስኩን ያጨናንቀዋል። ሲፒዩ-ኮታ 150 በመቶ ማለት አንድ ኮር ተኩል ነው። ታስክስ-ማክስ 64 ይበቃል።

ለመከለያው፦ ኖ-ኒው-ፕሪቪሌጅስ፣ ፕራይቬት-ቴምፕ፣ ፕሮቴክት-ሆም ሦስቱም የስ ይባሉ፤ ፕሮቴክት-ሲስተም ስትሪክት ይሁን። ቀጥሎ ያለው ከሁሉም የሚጠቅመው ነው። ቴምፖራሪ-ፋይል-ሲስተም በሚለው መስመር ኤስአርቪን በባዶ ሸፍኑት፤ ከዚያ በባይንድ-ሪድ-ኦንሊ-ፓዝስ የሳይቱን ፎልደር ብቻ መልሳችሁ አሳዩት፤ በባይንድ-ፓዝስ ደግሞ ፎቶ የሚጫንበትን ፎልደርና የሴሽን (የገቡ ጎብኚዎች ማስታወሻ) ፎልደሩን ብቻ እንዲጻፍባቸው ፍቀዱ። የሆቴሉ ፒኤችፒ ከዚህ በኋላ ኤስአርቪን ቢዘረዝር የሚያየው ራሱን ብቻ ነው። የሌሎቹ ሳይቶች ፎልደር መኖሩንም አያይም።

ይህ አሠራር አንድ ነገር ያስከፍላል፦ ዎርድፕሬስ ከአስተዳዳሪ ገጹ ራሱን ማደስ አይችልም፣ ኮዱ ለንባብ ብቻ ነውና። አፕዴቱን ደብልዩፒ-ሲኤልአይ በሚባለው መሣሪያ ከተርሚናል ሥሩ፤ በሩት ሳይሆን በሳይቱ ተጠቃሚ ስም። ዋጋው ተገቢ ነው። ያስገቡት ፋይል የሚያርፍበት ቦታ ያጣ ሰርጎ ገብ ብዙም አይራመድም።

ፑል ፋይሉ ውስጥ ፒኤምን ኦንዲማንድ አድርጉ፤ ጎብኚ የሌለው ሳይት ፕሮሰስ ይዞ አይቀመጥም። ማክስ-ችልድረንን (በአንዴ የሚነሡትን ፕሮሰሶች ከፍተኛ ቁጥር) በግምት አታስገቡ፤ 600ን አንድ ፕሮሰስ በሚፈልገው 70 ገደማ ስታካፍሉ 8 ይመጣል፣ ለማስተሩና ለኦፕካሹ ቦታ ትታችሁ 6 አድርጉ። ለትምህርት ቤቱ ሜሞሪ-ማክሱን በተጨማሪ ፋይል 1 ጊጋባይት፣ ማክስ-ችልድረኑንም 12 አድርጉለት። የኦፕካሽ መጠን 64 ሜጋባይት ይበቃል፤ ይህ ግን ፑል ፋይሉ ውስጥ አይሠራም፣ በአብነቱ የማስነሻ ትእዛዝ ላይ በሰረዝ ዲ መግባት አለበት።

ሴሽን ላይ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ። ለሳይቱ የራሱን የሴሽን ፎልደር ስትሰጡት፣ ኡቡንቱ ያረጁ ሴሽኖችን የሚጠርግበት የራሱ የጊዜ ሥራ ያንን ፎልደር አያየውም፤ የፒኤችፒው ጠራጊ ደግሞ ኡቡንቱ ላይ ዕድሉ 0 ተደርጎ የተዘጋ ነው። ወራት ሲያልፉ ፎልደሩ በመቶ ሺዎች በሚቆጠሩ ጥቃቅን ፋይሎች ይሞላል፤ ዲስኩ ቦታ እያለው አይኖድ (ፋይል የሚመዘገብበት ቦታ) አልቆ «ቦታ የለም» ይላል። ፑሉ ውስጥ ሴሽን-ጂሲ-ፕሮባቢሊቲን 1 አድርጉት።

በጃንጎ ወይም በኖድ የተሠራ ሳይት ካላችሁ አብነቱ ያው ነው፤ የሚለወጠው የማስነሻው ትእዛዝ ብቻ ነው።

ዳታቤዝና ኢንጂንኤክስ

ማሪያዲቢው አንድ ይሁን፤ ለእያንዳንዱ ሳይት ግን የራሱ ዳታቤዝና የራሱ ተጠቃሚ፣ መብቱም በዚያ ዳታቤዝ ብቻ የተወሰነ። ፋይል የሚባለውን መብት ለማንም አትስጡ፤ ሰርቨሩ ዲስክ ላይ የሚደርስበትን ፋይል ያስነብባልና። ማክስ-ዩዘር-ኮኔክሽንስን ለትንንሾቹ 10፣ ለትምህርት ቤቱ 15 አድርጉ፤ ከማክስ-ችልድረን ትንሽ ከፍ ማለቱ ይበቃል።

ኢንጂንኤክስ ብራውዘር ላይ በሚጻፈው የሳይቱ ስም ነው ሳይቱን የሚለየው። የማያውቀው ስም ሲመጣለት መጀመሪያ ያነበበውን የሰርቨር ብሎክ ይሰጣል፤ ፋይሎቹ በስም ቅደም ተከተል ስለሚነበቡ የጀልባው ደንበኛ ስሙን አሳስቶ ሲጽፍ የቡናው ሳይት ሊመጣለት ይችላል። ስለዚህ ዲፎልት-ሰርቨር የሚል ባዶ ብሎክ ፍጠሩ፤ 444 ይመልስ (ያለ መልስ ይዝጋ)፣ ለኤችቲቲፒኤስ ደግሞ ኤስኤስኤል-ሪጀክት-ሃንድሼክ ይብራ። ለየሳይቱ የራሱ የሎግ ፋይል ይኑረው፤ ፎቶ በሚጫንበት ፎልደር ውስጥ ፒኤችፒ እንዳይሠራ ከልክሉ።

አጥሩን ግፉት

ያልተፈተነ አጥር አለ ማለት አይቻልም። በሆቴሉ ተጠቃሚ ስም ሆናችሁ በሱዶ የትምህርት ቤቱን የኮንፊግ ፋይል ለመክፈት ሞክሩ፤ ፈቃድ ተከለከለ ማለት አለበት። ቀጥሎ ኤስአርቪን የምትዘረዝር ሦስት መስመር የፒኤችፒ ፋይል የሆቴሉ ሳይት ውስጥ አስቀምጡና በብራውዘር ክፈቷት። ይህኛው ከመጀመሪያው የተለየ ፈተና ነው፤ የተርሚናሉ ሙከራ በሲስተምዲው መከለያ ውስጥ አያልፍም፣ የብራውዘሩ ግን ያልፋል። ከራሱ ፎልደር ሌላ ካሳየ ባይንድ መስመሮቹን መርምሩ። በሆቴሉ የዳታቤዝ ተጠቃሚ ገብታችሁ ዳታቤዞችን ስታሳዩም ከራሱና ከኢንፎርሜሽን-ስኪማ ሌላ መታየት የለበትም።

ሜሞሪው ላይ የፒኤችፒ ገደብ ቀድሞ እንዳያቆማችሁ ሜሞሪ-ሊሚትን ለሙከራው ከፍ አድርጉና ድርድር እየሞላች የምትሄድ ፋይል አስነሡ። በሌላ መስኮት ሲስተምዲ-ሲጂቶፕን ክፈቱ፤ ሆቴሉ 600 ላይ ሲቆም፣ ጆርናሉ (የሲስተምዲ ሎግ) ላይ የኦኦኤም (ሜሞሪ አልቋል የሚል) መልእክት ሲመጣ፣ የቡናው ሳይት ግን ያለ መዘግየት ሲከፈት ማየት አለባችሁ። ሲስተምዲ-አናላይዝ ሴኩሪቲ የሚለው ትእዛዝ ለአገልግሎቱ ከ0 እስከ 10 ነጥብ ይሰጣል፤ ዝቅ ያለው ይሻላል። የሙከራ ፋይሎቹን ማጥፋት እንዳትረሱ።

ሲበላሽ የሚታየው ቁጥር ቦታውን ይነግራችኋል። 403 ከሆነ ከላይ ካሉት ፎልደሮች በአንዱ ላይ የማለፍ ፈቃድ የለም፤ ወይም የዌብ ተጠቃሚውን ግሩፕ ካስገባችሁት በኋላ ኢንጂንኤክስን ሪስታርት አላደረጋችሁም፣ ቀድሞ የተነሣ ፕሮሰስ አዲሱን ግሩፕ አያውቀውምና። 502 ከሆነ አገልግሎቱ አልተነሣም ወይም ሶኬቱ አይደረስም። 504 ከሆነ ሶኬቱ አለ፣ መልስ ግን ዘገየ፤ የኤፍፒኤም ሎግ ላይ ማክስ-ችልድረን ሞላ የሚል መስመር ፈልጉ፤ ከሌለ የዘገየው ዳታቤዙ ሊሆን ይችላል። ፒኤችፒ በአፕዴት ሲታደስም የራሳችሁን አገልግሎቶች ራሳችሁ ሪስታርት አድርጓቸው፤ ያለዚያ አሮጌው ኮድ ሜሞሪ ላይ እንዳለ ይቀጥላል።

ኮንቴይነር የት ይገባል

ኮንቴይነር የሚያስኬደው ዶከር ለስሪት ግጭት ጥሩ ነው፤ ከርነሉን ግን እንደ ላይኛው አጥር ሁሉ ይጋራል፣ ስለዚህ በደኅንነት ከእሱ እጅግ ይበልጣል ብላችሁ አትቁጠሩ። አራት ነገር ጠብቁ። ፖርት ስታወጡ በባዶው 8081 ብቻ ካላችሁ ዶከር የዩኤፍደብልዩን ፋየርዎል አልፎ ለዓለም ይከፍተዋል፤ ሁልጊዜ ከፊቱ 127.0.0.1 ጨምሩ። ሎጉ ነባሪው ላይ ገደብ የለውም፤ ማክስ-ሳይዝ 10 ሜጋባይት፣ ማክስ-ፋይል 3 አድርጉት። በዶከር ግሩፕ ውስጥ ያለ ሰው ሩት ነው፤ ለልምምድ የመጣ ተማሪን እዚያ አታስገቡ። የዶከር ሶኬትን ወደ ኮንቴይነር ውስጥ አታስገቡ። ኢንተርኔቱ ሲያስቸግር ደግሞ አንድ ቦታ የወረደን ኢሜጅ (ኮንቴይነሩ የሚነሣበትን ጥቅል) በዶከር ሴቭ ወደ ፋይል ለውጣችሁ በፍላሽ ማዞር ይቻላል።

ቨርቹዋል ማሽን የግድ ሲሆን

ደንበኛው ራሱ የሩት መብት ከፈለገ፣ ያለ ጥርጥር ቨርቹዋል ማሽን ስጡት። ዊንዶውስ የሚፈልግ የሒሳብ ሶፍትዌር ካለም እንዲሁ። የተማሪ ውጤትና የክሊኒክ መዝገብም እዚህ ይመደባል፤ ምክንያቱ ከርነሉ ነው። ደርቲ ካው የተባለው የሊነክስ ቀዳዳ በ2016 እ.ኤ.አ. ይፋ ሲሆን ከርነሉ ውስጥ ከ2007 ጀምሮ ነበረ፤ በዚያ ቀዳዳ ተራ ተጠቃሚ ሩት መሆን ይችል ነበር። ሩት የሆነ ሰው ፊት የተጠቃሚና የፋይል ፈቃድ አጥር አይቆምም። በሌላ ከርነል ላይ ያለ ማሽን ግን ያኔም ሌላ በር ነው።

እኛ የምንመክረው ድልድል ይህ ነው፦ አስተናጋጁ ማሽን ምንም ሳይት አይያዝ፣ 1 ጊጋባይት ይተውለት። አንድ ባለ 4 ጊጋባይት ቨርቹዋል ማሽን ላይ ሆቴሉን፣ ጀልባውን፣ ቡናውንና ሌሎቹን ከላይ በተባለው አጥር አስቀምጡ። ሁለተኛው ባለ 2 ጊጋባይት ለትምህርት ቤቱ ብቻ ይሁን። 1 ጊጋባይት መጠባበቂያ ይቀራል። ገደቦቹን ለ4 ጊጋባይቱ ስታሰሉ ባፈር ፑሉን ወደ 512 ሜጋባይት፣ የትንንሾቹን ሜሞሪ-ማክስ ወደ 450፣ ማክስ-ችልድረናቸውንም ወደ 4 አውርዱ።

ከመጀመራችሁ በፊት ባዮስ ላይ ቨርቹዋላይዜሽን መብራቱን አረጋግጡ፤ ብዙ ማሽን ሲገዛ ተዘግቶ ነው የሚመጣው። ኬቪኤም (የሊነክስ ቨርቹዋላይዜሽን) የሚባለው የዲቫይስ ፋይል ከሌለ ማሽኑ ይነሣል፣ ግን በኤሙሌሽን ስለሚሠራ ይንቀራፈፋል። ዲስኩንና ኔትወርኩን ቨርቲዮ (ለቨርቹዋል ማሽን የተሠራው ፈጣን ዓይነት) አድርጉ። ከውጭ የተከራያችሁት ቪፒኤስ (የኪራይ ቨርቹዋል ማሽን) ላይ ግን ኬቪኤም አብዛኛውን ጊዜ አይፈቀድም፤ እዚያ አጥሩ ብቻ ነው ያላችሁ።

መብራት፣ ሙቀትና ክረምት

መብራት ድንገት ሲጠፋ የቨርቹዋል ማሽን ዲስክ ከአንድ ቅንብር የተነሣ ይበላሻል፦ ካሽ አንሴፍ። ለፍጥነት ሲባል የሚመረጥ ነው፤ ዲስኩ ላይ ጻፍልኝ የሚለውን የዳታቤዙን ትእዛዝ ግን ተቀብሎ ችላ ይለዋል። «ነን» (የለም) የሚለውን ቅንብር ምረጡ፤ ይዘገያል እንጂ አይዋሽም። ዩፒኤሱን በዩኤስቢ ከማሽኑ አገናኙና ኤንዩቲ በሚባለው ፕሮግራም ባትሪው ሊያልቅ ሲል በሥርዓት እንዲዘጋ አድርጉ። ሊብቨርት-ገስትስ የሚባለው አገልግሎት ቨርቹዋል ማሽኖቹን ይዘጋል፤ ሁሉም ለመዝጋት የሚወስዱት ጊዜ ከዩፒኤሱ ደቂቃ እንዳይበልጥ በሰዓት ለኩት። መብራት ሲመለስ ማሽኑ ራሱ እንዲነሣ ባዮስ ላይ አስተካክሉ፤ ቨርቹዋል ማሽኖቹም በአንዴ ተነሥተው ዲስኩን እንዳያጨናንቁት በመካከላቸው 30 ሰከንድ አስገቡ።

ባሕር ዳር ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ነች። አየሩ ሳሳ ስላለ ፋን በተመሳሳይ ፍጥነት ዞሮ የሚያወጣው ሙቀት ያንሳል። ብዙ የሰርቨር አምራቾች የሚከተሉት ደንብ ከ900 ሜትር በላይ በየ300 ሜትሩ ከሚፈቀደው ከፍተኛ ሙቀት 1 ዲግሪ ይቀንሳል፤ ስለዚህ ወረቀቱ ላይ 35 የሚለው ማሽን እዚህ 32 ነው ማለት ነው። መጋቢትና ሚያዝያ ላይ መስኮቱ በተዘጋ ክፍል ይህ ይታለፋል። ስድስት ሥራ ፈት ቨርቹዋል ማሽን ይዞ የሚሞቅ ፕሮሰሰር ከሁለቱ የበለጠ መሞቁንም አስቡ። ክረምት ሲገባ መብረቁ በኔትወርክ ኬብልም ይመጣል፤ የግድግዳውን ሶኬት ብቻ ሳይሆን ከውጭ የሚገባውን መስመርም በሰርጅ ፕሮቴክተር አሳልፉት፣ የመሬት ሽቦው እውነት መሬት መግባቱን በባለሙያ አስለኩ።

ባክአፕና ሰዓቱ

የአጥሩ አሠራር እዚህ ላይ ብዙ ይጠቅማል። የቨርቹዋል ማሽን ዲስክ 20 ጊጋባይት ሲሆን የቡናው ሳይት ከነዳታቤዙ ተጨምቆ ጥቂት መቶ ሜጋባይት ነው፤ ይህኛው በሌሊት በኢንተርኔት ወደ ውጭ ይወጣል፣ ያኛው አይወጣም። ለየሳይቱ የዳታቤዙን ኮፒ በሲንግል-ትራንዛክሽን አውጡ፣ የተጫኑትን ፎቶዎችና የኮንፊግ ፋይሉን ጨምሩ፣ በሳይቱ ስም አስቀምጡ። ስናፕሾት (እዚያው ዲስክ ላይ የሚቀመጥ የቅጽበት ቅጂ) ባክአፕ አይደለም፤ ዲስኩ ሲሞት አብሮ ይሞታል። ሁለት የውጭ ዲስክ በየሳምንቱ እየተፈራረቁ አንዱ ሁልጊዜ ከቢሮው ውጭ ይደር።

ሰዓቱን አፍሪካ ስላሽ አዲስ-አበባ አድርጉ። ክሮን (ሥራን በሰዓቱ የሚያስነሣው) ላይ 3 ብላችሁ ስትጽፉ በእኛ ሌሊት 9 ሰዓት ነው። ሰርቨሩ በዩቲሲ (በዓለም አቀፉ ሰዓት) ከቀረ ግን ያው 3 ጠዋት 12 ሰዓት ይሆናል፤ ባክአፑም ልጆች ከትምህርት ቤት ቀድመው ውጤት በሚያዩበት ሰዓት ዲስኩን ይዞ ይቀመጣል። በወር አንዴ ከባክአፑ አንዱን ሳይት መርጣችሁ በአዲስ ተጠቃሚና በአዲስ ዳታቤዝ ስም እዚያው አብነት ላይ አስነሡት፤ ገጹ ከተከፈተና የመጨረሻው መዝገብ ቀኑ ትክክል ከሆነ አጥፉት፣ በሚቀጥለው ወር ሌላውን ሞክሩ።